ማን ሞቶብሽ ነው?

ስሜ ትዕግሥት ነው። ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ተሳስታለች። ይህን የምጽፈው እኔ ግማሽ ዓመት የባከንኩበትን ነገር ሌላዋ በአንድ ቀን እንድትጨርሰው ነው፤ በተለይ እንደኔ በገዛ እጇ ሠርታ የምታድር ልጅ። ምክር መስጠት አያምርብኝም። ግን በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ "ይሄ ነገር የደረሰበት ሰው አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ምን ነበረበት?" እያልኩ ስበሳጭ ስለከረምኩ፣ አሁን እኔው ዝም ብል ነውር ነው።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የማጠቢያ ገንዳ፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክና ሦስት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት አለችኝ። ክፍሏ የእትዬ አስካለ ናት። እሳቸው ግቢው ውስጥ ይኖራሉ፤ እኔ ወደ መንገድ የዞረችውን ተከራይቻለሁ። አብራኝ የምትሠራው ማርታ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ሹሩባ ላይ እጇ ከእኔ ይፈጥናል። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የእኔ ታፔላ ፀጉሬ ነበር። በሩ ላይ የሰቀልኩትን ታፔላ ዝናብ ካጠበው ቆይቷል፤ ማንም አያነበውም። ደንበኛ ገብታ ስትቀመጥ በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላዋ የምታየው የእኔን ፀጉር ነው፤ እስከ ወገቤ የሚወርድ፣ ጥቁርና ወፍራም። "ያንቺን አስመስለሽ ሥሪልኝ" ይሉኛል። ፀጉሬ የእናቴ ዘር ነው እንጂ የእኔ የእጅ ሥራ አይደለም፤ ግን ደንበኛ ካመነ ምን አስጨነቀኝ?

ወረርሽኙ የገባ ጊዜ "ሁለት ሜትር ተራራቁ" ተባለ። ጥሩ። የፀጉር ሠሪ ክንድ ስንት ሜትር ነው? ደንበኞቼን "ኧረ ጠፋሽ፣ ነይ እንጂ" ልል ስልክ ስደውል፣ ገና ሳይነሣ አንድ ድምፅ ይቀድምና እኔኑ "ርቀትዎን ይጠብቁ" ይለኛል። አያት ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟ ቤቷ ተቀምጣ ይገባላታል። አዝናልኝ ነው፣ ክፋት የለባትም፣ "ትግስትዬ፣ ለጊዜው ለምን ኦንላይን አትሠሪም?" አለችኝ። ሹሩባ ኦንላይን! ስልኩን ዘግቼ ለማርታ ስነግራት ሳቀች፤ በማግሥቱ ግን ሻንጣዋን አዘጋጅታ ወደ አገሯ ገባች።

ሁለት ወር ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልሥራ ብዬ ነበር። አንዷ በር ላይ አቁማ ከጫማዬ እስከ አናቴ አልኮል ረጨችኝና "ዛሬ ይቅርብን፣ ባለቤቴ ፈርቷል" ብላ መለሰችኝ። አልኮል እየሸተትኩ ታክሲ ውስጥ ስገባ ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። በኋላ ሁሉም ቀስ በቀስ ሲለምደው በሬ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አቁሜ፣ ማስክ አድርጌ ከፈትኩ። ማርታም ተመለሰች። ተመስገን አልን።

ሐምሌ ላይ ታመምኩ።

በመጀመሪያው ቀን ወገቤን ቆረጠመኝ፤ በሁለተኛው ትኩሳቱ አነደደኝ። እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ። በሦስተኛው ቀን ደግፋኝ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ደም ወሰዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" አሉኝ። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ ገብቶ እነዚህን ሁለቱን ሳያገኝ የወጣ ሰው አላውቅም። መድኃኒቱን ውጬ ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን እናቴ ዳማከሴውን በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችው።

"አሽትቺው፣ ይከፍትሻል።"

"የቱን?"

እጇን ይበልጥ አስጠጋችው። ምንም አልሸተተኝም። እሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት። ሁለታችንም አወቅን። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "ብርድ ነው" አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን የበሽታው ስም ብርድ ሆነ።

ለምን እንደዋሸን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ባለ ሱቅ የነበረ አንድ ሰው ነበር። ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጥተው፣ ሰፈር ሁሉ እያየ ወሰዱት። ድኖ ሲመለስ ከእሱ ሱቅ ክብሪት የሚገዛ ጠፋ፤ በመጨረሻ ሱቁን ሸጠና ሄደ። እሱ እንኳ የሚሸጠው የታሸገ ብስኩት ነበር። እኔ የሰውን ራስ ነው የምይዘው። "ትዕግሥት ይዟት ነበር" ከተባለ ማን ራሱን ይሰጠኛል? ስለዚህ ትኩሳቱ ከጠፋም በኋላ ሳሉ እስኪለቀኝ ቤት ተዘግቼ ከረምኩ፤ ለጠየቀ ሁሉ ማርታ "ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ሄዳለች" አለችልኝ። እናቴም ትንሽ አስሏት ተዋት። ሰው እንዳላስያዝኩ አምናለሁ። የዋሸሁት ግን ለሰው ብዬ ሳይሆን ለክፍሏ ብዬ ነበር፤ ይህን አልክድም።

በዚያው ክረምት የእትዬ አስካለ ታናሽ ወንድም ጋሽ ግርማ ሞቱ። አብረዋቸው ነበር የሚኖሩት። "ስኳር ነበረበት፣ ስኳሩ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። ድንኳን አልተጣለም፤ ለቅሶ የተቀመጠም አልነበረም፤ ጊዜው አይፈቅድም ነበር። እኔ ያኔ ተኝቼ ስለነበር አልቀበርኩም። ስነሣ በር ላይ አግኝቻቸው ከሩቅ ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያጥናዎት" አልኳቸው፤ እሳቸውም ከሩቅ "አሜን" አሉ። ጥቁር ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ወደ ውስጥ ገቡ።

ለእንቁጣጣሽ ትንሽ ሠራን። በመስቀል ሰሞን አንድ ጠዋት ፀጉሬን እየታጠብኩ ገንዳው ውኃ አላሳልፍ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጉድጓዱን የደፈነው የእኔው ፀጉር ነው፤ ሙሉ እፍኝ። ማርታ "የትናንት ደንበኛ ይሆናል" አለች። የትናንቷ ደንበኛ ፀጉር ቡናማ ቀለም የተቀባ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ትራስ ላይ፣ ማበጠሪያ ላይ፣ ሹራቤ ላይ። አንድ ቀን ፓስታ ስበላ ከአፌ ውስጥ ሳብኩት። ጣቴን በፀጉሬ ውስጥ መስደድ ፈራሁ፤ እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ጣቴን በሰው ፀጉር ውስጥ የምሰድ ሰው። ሻሽ ማሰር ጀመርኩ። ደንበኞች "ምነው ሻሽ አበዛሽ?" ሲሉ "ቀለም ተቀብቼ አልያዘልኝም" አልኩ። የደንበኛ ዓይን ግን አይታለልም። በመስተዋቱ ውስጥ ግንባሬን ሲያዩት፣ ቀጥለው ደግሞ ማበጠሪያውን ሲያዩት አያቸው ነበር።

መገናኛ ያለ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ አንድ እየዘለሉ በፕላስተር የኤክስ ምልክት አድርገውበታል፤ ሰዉ ግን በዝቶ ኤክሱ ላይም ተቀምጧል። አራት ሰዓት የገባሁ ሰባት ሰዓት ተኩል ተጠራሁ። ሐኪሙ ሦስት ደቂቃ አየኝ። የምርመራ ክፍሉ በር አይዘጋም፤ ተረኛዋ በሩን ደገፍ ብላ ቆማለች።

"በቅርብ ወራት ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመም ነበረብሽ?" አለኝ።

በሩን አየሁ። የካ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ወረፋ ውስጥ የስንቷ ደንበኛዬ እህት ወይ ጎረቤት እንዳለች ምን አውቃለሁ?

"የለም፣ አልነበረብኝም" አልኩ።

"ፈንገስ ነው" አለና ቅባት አዘዘልኝ። ቅባቱ ትኩስ አስፋልት አስፋልት ይሸታል። ሦስት ሳምንት ተቀባሁት፤ ፀጉሬም ከቅባቱ ጋር እየተጠረገ ወጣ።

ሁለተኛው ክሊኒክ አንገት ላይ ያለችውን ዕጢ ጠረጠረ፤ እሷ ስትዛባ ፀጉር ይረግፋል አሉኝ። ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ ደህና ነው። እዚያም ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩ። በሦስተኛው "ደም ማነስ ሳይሆን አይቀርም" ተብዬ ሆዴን የሚያጠብቅ የብረት እንክብል ተሰጠኝ። እዚያ ያየኝ ሐኪም ትሑት ሰው ነበር፤ ወረቀቱን እየጻፈ "ትኩሳት፣ ሕመም፣ ምናምን አልነበረም አይደል?" አለ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ወጥቼ ስሄድ "በዋናነት አትጨነቂ" አለኝ። አትጨነቂ የሚባለው መድኃኒት በየትኛው ፋርማሲ እንደሚሸጥ ግን አልነገረኝም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ ያላደረግኩት የለም። እንቁላል ተቀባሁ፣ የጉሎ ዘይት ተቀባሁ፣ እሬት ለጠፍኩ። ከሁሉም የከፋው የሽንኩርት ጭማቂ ነው፤ እናቴ ከአንዲት ጎረቤት ሰምታ ነው። በየማታው ቀብታኝ ጠዋት ብታጠበውም ሽታው አይለቅም። አንዲት ደንበኛ ካስክ ሥር ተቀምጣ "ምሳ ሠርታችሁ ነው እንዴ?" አለች። ማርታ ፈጠን ብላ "አዎ፣ ቁሌት ጥደን ነው" አለች። ምድጃ እንኳ የለንም።

የረገፈውን አልጥልም ነበር። የሴት ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም፤ እንደዚያ ተብለን ነው ያደግነው። በፌስታል እያጠራቀምኩ ከማበጠሪያዎቹ ሳጥን ሥር አስቀምጠው ነበር። ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ሲያቃጥል፣ ፌስታሉን ይዤ ወጣሁና እሳቱ ላይ ጣልኩት። ይህ ልማድ ከድሮ ወረርሽኝ የተረፈ ነው ይባላል፤ ያኔ ሰዎቹ በሽታውን በስሙ ጠርተው፣ በጋራ ወጥተው አጠኑት። እኛ ስንቱን ብርድ እያልን በየቤታችን ደበቅነው። የእኔ ፌስታል ሲነድ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ መንደሩን ሞላው። እትዬ አስካለ ከበራቸው ቆመው ያዩኝ ነበር። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያዙ።

ከዚያ እናቴ "በቃ፣ ሰው ዓይን አስገብቶሽ ነው" ብላ እንጦጦ ጠበል ይዛኝ መውጣት ጀመረች። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጋር እየተላለፍን ሽቅብ እንወጣለን። በጠበሉ አልቀልድም። የማላውቃት አንዲት ሴትዮ ሻሼን ስፈታ አይታ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ወዲያው የራሷን ጋቢ ዘርግታ ከለለችኝ፤ በዚያ ሁሉ ወራት እንደሷ የገባኝ ሰው አልነበረም። ችግሩ ያለው ሰፈር ነው። በእኛ ሰፈር አንዲት ወጣት ከሳ፣ ሻሽ አስራ፣ "እንጦጦ ጠበል ጀመረች" ከተባለ ሰው በልቡ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ኤችአይቪ። ማንም ጮክ ብሎ አይለውም። ስለዚህ ጮክ ብዬ አይደለም ማለትም አልችልም።

አንዱን በሽታ ደበቅኩና የሌለብኝ ሌላ በሽታ ተሰጠኝ ማለት ነው።

ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። አያት የምትኖረው የሒሳብ ሠራተኛ "እናትየው፣ ሰሞኑን በጣም ቢዚ ነኝ" አለችኝ፤ በሳምንቱ ማርታ መገናኛ ሌላ ፀጉር ቤት ስትገባ አየቻት። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ እትዬ አስካለ ራሳቸው መጡ። አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ እኔ የሰው ወሬ አልሰማም" አሉ።

ይህን የሚል ሰው ሰምቶ እንደመጣ ገባኝ።

"ክፍሏን አንድ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ይፈልጋታል። እስከ ገና ታገሥኩሽ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሰው የማይገባበት ከሆነ ምን ታደርጊበታለሽ? ለራስሽም ድካም ነው።"

"እትዬ አስካለ፣ ለገና ሰው ይመጣል።"

"ይምጣ እንጂ፣ ምን ከፋኝ" አሉና ሄዱ።

ስድስት ዓመት የሠራሁባት ክፍል ናት። ግድግዳዋን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ገንዳውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ልሂድ ብል፣ ፀጉሯ የረገፈ ፀጉር ሠሪ ማን ያከራያታል? ያን ቀን መስተዋቱ ፊት ሻሼን ፈታሁ። ጎንና ጎኑ ሳስቶ ቆዳዬ ይታያል፤ መካከሉ ላይ የቀረው ተንጠልጥሏል። ይህን ጉድ ይዤ የገና ደንበኛ መጠበቅ አልቻልኩም።

"ማርታ፣ ቶንዶሱን አምጪው።"

"ለምን?"

"ላጪኝ።"

"አንቺ! አብደሻል? እኔ አልነካሽም!"

"ካልላጨሽኝ ራሴው እላጨዋለሁ፤ ያኔ ደግሞ ቆዳዬንም ነው የማነሣው።"

እያለቀሰች ላጨችኝ። በየመሐሉ ቶንዶሱን እያጠፋች "ይበቃል?" ትለኛለች፤ ግማሽ ራስ ተላጭቶ ይበቃል ይባላል? ሲያልቅ እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። ለማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ማታም ለእናቴ ሳላሳያት ሻሽ እንዳሰርኩ አደርኩ።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ስሙ። በማግሥቱ ጠዋት ያገኘሁት ንጹሕ ሻሽ ጥቁር ነበር፤ እሱኑ ሸብ አድርጌ ሱቄን ልከፍት ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ስከፍት ሻሹ ወደ ኋላ ሸሸ። መንገዱን የምትሻገር አንዲት ጎረቤት የተላጨ ራሴን አየችና ባለችበት ቆመች።

"ውይ! በሞትኩት! ትዕግሥት፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

ቀና ብዬ መልስ ከመስጠቴ በፊት ደረቷን እየደቃች ወደ ውስጥ መንደር ገባች። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ራሷን ላጭታ ጥቁር ካሰረች የሞተባት ሩቅ ዘመድ አይደለም፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ነገር ስብሰለሰል ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ማርታም አልመጣላትም፤ ሁለት ፀጉር ሠሪዎች ተቀምጠን!

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ከኅዳር ጀምሮ በበሬ ሲያልፉ ፊታቸውን የሚያዞሩት ሁሉ መጡ። በሦስቱ ወንበር ተቀመጡ፣ ካስክ ሥር ተቀመጡ፣ የቀሩት ከግድግዳው ጥግ ያለውን አግዳሚ ሞሉት። "እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።" "እናትሽ እኮ ደግ ሴት ነበረች።" ለካ እናቴን ገድለዋታል! "ኧረ የሞተ ሰው የለም" ስል አንዷ ራሴን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ "አልቅሺ፣ አትያዢው" ትለኛለች። የእድሩ ዳኛ በበሩ ብቅ ብለው "ድንኳኑ እዚህ ይጣል ወይስ ከቤታችሁ ደጅ?" ብለው ጠየቁ። እትዬ አስካለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከግቢያቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

በዚህ መሐል እናቴ ገባች። በአንድ እጇ ሽንኩርት የሞላ ፌስታል ይዛለች።

አንዷ ጮኸች። ሌላዋ አማተበች። እናቴ ቤቱን የሞላውን ነጠላ አየች፣ የተላጨ ራሴን አየች፣ ፌስታሉን ጥላ "ማነው? ማን ሞተብን?" ብላ እሪ አለች።

ያኔ ነው የፈነዳሁት።

"ማንም አልሞተም! የሞተው ፀጉሬ ነው! ረግፎ አለቀ፣ ትናንት ላጨሁት። እንጦጦ የሄድኩትም ለእሱ ነው፤ እናንተ ላሰባችሁት አይደለም። እውነቱን ከፈለጋችሁ ደግሞ ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን አልሄድኩም። ኮሮና ይዞኝ እቤቴ ተኝቼ ነበር። አሁን ገባችሁ? ተነሡና ሂዱ!"

ማንም አልተነሣም። እናቴ መሬት ላይ የተበተነውን ሽንኩርት መልቀም ጀመረች። በቃ፣ ክፍሏ ሄደች ብዬ አሰብኩ።

"ግርማም ስኳር አልነበረም" አሉ እትዬ አስካለ።

ዞር ብለን አየናቸው።

"ስኳርስ ነበረበት። የገደለው ግን እሱ ነው፣ ያንቺው። አምስት ሰው ሆነን ቀበርነው። አልታጠበ፣ ፊቱን አላየሁት። ሰው ቤቴን እንዳይሸሽ ብዬ ስኳር ነው አልኩ፤ ሰውም አልመጣ።" ጥቁር ሻሻቸውን ፈቱት። ሽበታቸው ከክረምት ጀምሮ ማበጠሪያ አላየም፤ ተቋጥሮ ጠፍጥፏል። ሁለት ሴቶች ሊነሡ ሲሉ አይተው እጃቸውን ዘረጉ። "አትነሡ። እንዲህ ተሰብስባችሁ ከመጣችሁ አይቀር፣ የመጣችሁበትን ሳታደርሱ አትነሡ።"

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የጋሽ ግርማ ለቅሶ በአምስተኛው ወሩ፣ በእኔ ፀጉር ቤት፣ በሁለት ካስክ ሥር ተለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ትናንት ያልወጣልኝ ያኔ ወጣ። አንዷ "የእኔም ባል ቤት ተኝቶ ነበር፣ ብርድ ነው ብለን" አለች፤ ሌላዋ "እኛም" አለች። ለካ ሰፈሩ ሁሉ በርዶት ነበር! እኔ ያን ሁሉ ወር ብቻዬን የተደበቅኩ መስሎኝ፣ ሁላችንም እርስ በርስ ተደባብቀን ነው የከረምነው። ያለቀስኩት ተናድጄም ነው። እናቴ የእትዬ አስካለ ማድ ቤት ገብታ ለለቅሶተኛው ምሳ ሠራች። ሽንኩርቱ በመጨረሻ ለሚገባው ነገር ዋለ።

በሳምንቱ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ገና ሳልቀመጥ፣ በሩም እንደተከፈተ፣ "ዶክተር፣ ሐምሌ ላይ ኮሮና ይዞኝ ነበር፤ አልተመረመርኩም እንጂ ሽታ ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ፀጉሬ ከመስቀል ጀምሮ ረገፈ" አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለሌሎቹ ሐኪሞች ይህን ነግረሻቸው ነበር?"

"አልነገርኳቸውም። ሦስቱም ጠይቀውኛል።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ተነፈሰች እንጂ አልተቆጣችም። ፀጉር የሚያድግበትና የሚያርፍበት ተራ አለው አለችኝ። ሰውነት ከባድ ትኩሳት ወይም ድንጋጤ ሲያገኘው ብዙው ፀጉር ባንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ወዲያው አይረግፍም፤ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው የሚወርደው፤ ለዚህ ነው ሰው ከሕመሙ ጋር የማያያይዘው። ሥሩ ግን አይሞትም። መልሶ ይበቅላል።

"መድኃኒቱስ?"

"ጊዜ ነው። ቅባቱን ተዪው። በደንብ ብዪ።" ራሴን ዳሰሰችና ፈገግ አለች። "እንደው መላጨቱ ግን አያስፈልግሽም ነበር፤ ይሄኔ ሥሩ እየበቀለ ነበር።"

እስኪ አስቡት! ያንን ወንበር ሰብሬ ብወጣ ደስ ባለኝ። ሦስት ክሊኒክ፣ ያ ሁሉ ቅባት፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት፣ ያ ሁሉ ወሬ፤ ሁሉም በአንዲት "አዎ፣ ታምሜ ነበር" የሚቀር ነው። እናቴ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የምትለው ተረት አላት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትለው ሰምቻለሁ። ብርድ ነው ያለችውም እሷው ናት። ሁሉም የፀጉር መርገፍ ከዚህ አይደለም ብላኛለች ሐኪሟ፤ ስለዚህ ታዩ፣ ተመርመሩ። ስትጠየቁ ግን በሩ ክፍት ከሆነ "ዝጉት" በሉ፣ ካልተዘጋም ጮክ ብላችሁ ንገሩ።

ሰፈሩ በአንድ ቀን አልተለወጠም። አያት የምትኖረው ደንበኛዬ አልተመለሰችም፤ ሌሎችም የቀሩት ቀሩ። ለገና የሠራነው ከሌላው ጊዜ ግማሹን አይሆንም። በገና ማግሥት ራሴ እትዬ አስካለ ዘንድ ገብቼ "የክፍሉ ነገር እንዴት ሆነ?" አልኳቸው።

"የቱ ክፍል?" አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ስለ ሞባይል ሻጩ ልጅ ከዚያ ወዲያ ተናግረው አያውቁም።

በየካቲት ራሴ ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ አለ። ማርታ ጠዋት ጠዋት እንደገባች ሻሼን አንሥታ ትዳስሰዋለች፤ ተዪ ብላት አትሰማም። ፋሲካ ሲያልፍ የጣት አንጓ ያህል ደረሰ፤ ሻሹንም ተውኩት። ሻሽ የሌለው አጭር ፀጉር ግን ጣጣው ሌላ ነው፤ አዲስ ደንበኛ በገባች ቁጥር ያቺኑ ጥያቄ መመለስ አለብኝ።

በሠርግ ሰሞን አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ ከግቢያቸው ወጡ። ጋሽ ግርማ ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። ጥቁሩን ሻሽ ፈትተው በእጃቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና "እስኪ ሥሪኝ፣ በቃኝ" አሉ። ሽበታቸውን አጠብኩት፤ ያን የተቋጠረ ፀጉር መፍታት ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ከሚቆረጥ ብለን እኔና ማርታ በየጎኑ ተቀምጠን በጣት በጣት አላቀቅነው። ተጠቅልለው ካስክ ሥር ገቡ። በዚህ መሐል ለእህቷ ሠርግ ፀጉሯን የምትሠራ የማላውቃት ልጅ ገባች። ተቀመጠች፤ በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላዋ ቆሜ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ይቅርታ እህቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

አፌን ልከፍት ስል እትዬ አስካለ ካስኩን በእጃቸው ከፍ አደረጉት።

"እሷ ማንም አልሞተባትም" አሉ፤ መንገደኛ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብለው። "እሷ ኮሮና ይዟት ድና ነው። የሞተብኝ እኔ ነኝ።"